ቤቴ አያት፣ ሥራዬ ሜክሲኮ፦ ጂም የት ልመዝገብ? ወይስ ያለ ጂም ይቻላል?

የአያቱ ነዋሪ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 43 ነው፤ ሥራዬ ሂሳብ በመሆኑ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እውላለሁ። በቅርቡ ባደረግኩት ምርመራ የደም ግፊቴ ከፍ ማለት መጀመሩ ስለተነገረኝና ሐኪሙም መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት ጨው እንድቀንስ፣ አዘውትሬም ስፖርት እንድሠራ ስላሳሰበኝ፣ ጉዳዩን ከእንግዲህ ለነገ ላሳድረው አልፈልግም። የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ ነው። ሁለት ትንንሽ ልጆች ስላሉኝ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ቤቴ መድረስ አለብኝ።

ያየኋቸው ጂሞች ሦስት ናቸው። አንደኛው ሰፈሬ ውስጥ በእግር የሚደረስ፣ ክፍያው ዝቅተኛ፣ ነገር ግን ዕቃው ያረጀና ገላ መታጠቢያ የሌለው ነው። ሁለተኛው ከቢሮዬ ጀርባ የሚገኝ፣ ከሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ በክፍያም በዕቃም መካከለኛ የሆነ ነው። ሦስተኛው ስቲም፣ ሳውናና መዋኛ ያለው የሆቴል ጂም ሲሆን ክፍያው ይከብዳል፤ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ግን ጥሩ ቅናሽ እንደሚያደርጉ ነግረውኛል። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጡ ነበር? ደግሞስ ለጂም ምንም ሳይከፍሉ ውጤት ማግኘት ይቻላል?

ብረት ገፊ

ጂም የሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በወር ስንት ነው?» ብሎ ነው። ለእኔ ግን ሂሳቡ መሠራት ያለበት በወር ሳይሆን በሚገኙበት ቀን ነው። አንዱ ጂም በወር 3,000 ብር ያስከፍላል እንበል። በሳምንት ሦስት ቀን ቢሄዱ በወር 12 ቀን ይሆናልና አንዱ ቀን 250 ብር ወጣበት ማለት ነው። ሌላው 1,500 ብር ሆኖ፣ ነገር ግን ከመንገድዎ ስለሚያስወጣዎ በወር ሦስት ቀን ብቻ የሚረግጡት ከሆነ፣ አንዱ ቀን 500 ብር ፈጀ፤ ርካሽ የተባለው በእጥፍ ተወደደ። ሂሳብ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳቴ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ የታክሲውንም የሚደምሩት እዚሁ ላይ ነው።

በዚህ ስሌት የእርስዎ ነገር ወደ ሁለተኛው ያደላል። ሜክሲኮ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ የታክሲው ሰልፍና የባቡሩ ግፊያ ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ያንን ሰዓት ሰልፍ ላይ ቆመው ከሚያሳልፉት ጂም ውስጥ አሳልፈው፣ ሰዉ ቀለል ሲል ወደ አያት ቢሳፈሩ ከልጆችዎ የሚወስዱት ጊዜ ከምታስቡት ያነሰ ይሆናል። ቤት ከገቡ በኋላ፣ ጫማ ካወለቁና እራት ከቀረበ በኋላ ተመልሶ መውጣት ግን፣ ጂሙ በእግር የሚደረስ ቢሆንም እንኳ፣ ጥቂቶች ብቻ የሚችሉት ነገር ነው።

የዓመቱን በአንድ ጊዜ መክፈልን በተመለከተ፣ ቢያንስ አንድ ወር ሳይሞክሩት አይግቡበት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቅናሹ አማልሎት የዓመቱን ከፍሎ ነበር። የሕንጻው የኪራይ ውል ሲቋረጥ ጂሙ ከከተማው ሌላ ጫፍ ወዳለ ቅርንጫፍ እንዲሄድ ነገረው፤ ገንዘቡን ተመላሽ ለማድረግ ግን ውሉ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ያግኙ፦ ጂሙ ቢዘጋ ወይም ቦታ ቢቀይር ገንዘብዎ እንዴት እንደሚመለስ፣ እንዲሁም ቢታመሙ ወይም ለሥራ ክፍለ ሀገር ቢወጡ ክፍያው ተይዞ የሚቆይልዎት ለስንት ቀን እንደሆነ። የሆቴሉ ሰዎች የጠሩልዎት ዋጋ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ያካተተ መሆኑንም ይጠይቁ። መዋኛና ሳውና የሚያምረው ደግሞ ለሚጠቀምበት ሰው ነው፤ ከ2 ሰዓት በፊት ቤት መግባት ያለበት ሰው ሳውና ውስጥ የሚቀመጥበት ጊዜ ከየት ያመጣል?

ሊያዩት ሲሄዱ አስተናጋጇ በጠዋት ባዶውን አዳራሽ አታስጎብኝዎት። ሊሠሩበት ባሰቡት ሰዓት፣ ማለትም ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ይሂዱ። ለአንድ ማሽን ስንት ሰው ተራ እንደሚጠብቅ፣ መስኮቱ መከፈት አለመከፈቱን፣ ዳምቤሎቹ ከትንሹ እስከ ትልቁ ጥንድ ጥንዳቸው መኖር አለመኖሩን፣ የማሽኖቹ ገመድ መበጣጠስ መጀመር አለመጀመሩን የሚያዩት ያኔ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እንዳላቸው፣ ውኃ ሲቋረጥ ደግሞ በቂ ማጠራቀሚያ እንዳላቸው ይጠይቁ፤ ላብዎን ሳይታጠቡ ባቡር ውስጥ ተጨናንቀው አያት ድረስ መሄድ ለእርስዎም ለጎረቤትዎም አይመችም። ከሁሉ በላይ አሰልጣኙን ያስተውሉ። ገና እንደገቡ ስለ ጤናዎና ስለ ዕድሜዎ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ ብረት ካስጨበጠዎ፣ ስለ ደም ግፊትዎ እርስዎ ቢነግሩትም ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም።

የቀበናዋ

ብረት ገፊ ያሉት በአብዛኛው የምስማማበት ነው። ለእኛ ለሴቶች ግን ምርጫው ከዋጋና ከርቀት በፊት ይጀምራል። እኔ ከአንድ ጂም ጋር ከመስማማቴ በፊት የማየው ሴት አሰልጣኝ መኖሯን፣ የመልበሻ ክፍሉ በር ከውስጥ መቆለፉን፣ ማታ ስወጣ ደግሞ ከሕንጻው በር እስከ ታክሲ መያዣው ያለው መንገድ መብራት ያለው መሆኑን ነው። ለሴቶች ብቻ ሰዓት የሚለዩ ቤቶች አሉ፤ ነገር ግን ያ ሰዓት ብዙውን ጊዜ ረፋድ ላይ ስለሚውል ተቀጥራ ለምትሠራ ሴት አይሆንም። ምሽት ላይ ቢያንስ የኤሮቢክስ ክፍለ ጊዜ መኖሩን መጠየቅ ይገባል፤ አዳራሹ በሴቶች ሲሞላ ብረቱ ጋ ለመሄድም ድፍረት ይገኛል።

ይህን የምጽፈው ጠያቂው ባለቤትዎንም አብረው ለማስመዝገብ አስበው እንደሆነ በማለት ነው። ለባልና ሚስት በጋራ ቅናሽ የሚያደርጉ ጂሞች አሉና ይጠይቁ፤ ነገር ግን ለእርስዎ የተመቸው ቤት ለእሳቸው የማይመች ሊሆን ስለሚችል አብራችሁ ሄዳችሁ እዩት።

የጠዋት ሯጭ

ለነገሩ አዲስ አበባ ተቀምጦ ማሽን ላይ ለመሮጥ ገንዘብ መክፈል ለእኔ ሁልጊዜም እንቆቅልሽ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ታላላቆቹ ሯጮቻችን ዓለምን ያሸነፉበትን አቅም የገነቡት እንጦጦና ሱሉልታ ላይ፣ ማንም በነጻ በሚረግጠው ሜዳና ጫካ ውስጥ ነው። ጃን ሜዳን ንጋት ላይ ሄደው ይዩት፤ የመስቀል አደባባይን ደረጃዎችም ይዩ፤ ከወጣት እስከ ሽማግሌ የሚሮጠው፣ የሚራመደውና የሚያፍታታው ሰው ማንም አስከፍሎት አያውቅም። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችም መኪና ሳይጋፋዎት ረጅም መንገድ በፍጥነት ለመራመድ ያስችላሉ። ኅዳር 2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር ደግሞ የተመረጡ ጎዳናዎች እሑድ ጠዋት ለመኪና ተዘግተው ለስፖርት ሲከፈቱ አይተናል፤ የማስ ስፖርት አሰልጣኝ ከመድረክ ላይ ሲያሠራ ከኋላ ቆሞ ለመሥራት ምዝገባ አያስፈልግም።

ጀማሪ ከሆኑ ግን ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛው ዳገት ነው። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ዝቅ ስለሚል ልብና ሳንባ ተራ እርምጃ ላይም ይሠራሉ፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን አቀበት በመጀመሪያው ሳምንት በሩጫ መሞከር ለእርስዎ አይሆንም። ሜዳ ላይ በፈጣን እርምጃ ይጀምሩ፤ ከዚያ ሁለት ደቂቃ እየራመዱ አንድ ደቂቃ ያህል ሶምሶማ ይጨምሩ። ሁለተኛው ጭስ ነው። ሚኒባሶችና አሮጌ የጭነት መኪኖች ከሚርመሰመሱበት አስፋልት ዳር፣ በተለይም ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኋላ፣ በረጅሙ እየተነፈሱ መሮጥ ጥቅሙን ይቀንሰዋል። መንገድ ሳይነሣ 12 ሰዓት ላይ ይውጡ።

ግብ የሚያስፈልግዎ ሰው ከሆኑ ደግሞ በኅዳር የሚካሄደው የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር አለ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሮጥ የኖረው ሕዝብ አብዛኛው ለማሸነፍ የመጣ አይደለም።

የቀበናዋ

የጠዋት ሯጭ፣ የጻፉት እውነት ነው፤ ነገር ግን የተጻፈው በወንድ እግር ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ብቻዬን ስወጣ ለከፋውም የመንገድ ውሻውም አብሮኝ ይሮጣል። ጃን ሜዳና መስቀል አደባባይ ሰው ስለሚበዛባቸው ይሻላሉ፤ ችግሩ እዚያ ለመድረስ ታክሲ የሚያስፈልገው ሰው «በነጻ» ሠራ የሚባለው የደርሶ መልሱ ሂሳብ ሲረሳ ብቻ መሆኑ ነው። ከአያት ተነሥቶ ጃን ሜዳ ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

የአያቱ ነዋሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሳምንቱ መሀል ጠዋት መውጣት ለእኔ አይሆንም፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነኝና። እሑድን ግን ለእርምጃ ልሰጠው እችላለሁ። አሁን የቀረኝ ጥያቄ ስለ ብረት ነው። ግፊት ያለበት ሰው ብረት መንካት የለበትም ሲባል እሰማለሁ፤ እውነት ነው? እውነት ካልሆነ ጂሙን ትቼ ቤቴ ውስጥ ብሠራውስ?

ፊዚዮቴራፒስት

ከብረቱ ልጀምር። ግፊቱ መጠነኛ ለሆነና ሐኪም ስፖርት እንዲሠራ ለፈቀደለት ሰው ብረት አልተከለከለም። እንዲያውም የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ በተጨማሪም ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን እንዲሠሩ ይመክራል፤ ግፊት ላለባቸውም ምክሩ ተመሳሳይ ነው። እርምጃ ብቻውን የመጀመሪያውን ይሞላል እንጂ ሁለተኛውን አይሞላም። ከ40 ዓመት በኋላ ጡንቻ ካልተሠራበት እየሳሳ ስለሚሄድ፣ የጠዋት ሯጭ ያሉት የነጻ ሜዳ ግማሹን ብቻ ይመልሳል።

አደጋው ያለው ከባዱን ብረት ትንፋሽ ይዞ ማንሣት ላይ ነው። ትንፋሽ ተይዞ ሲገፋ ግፊቱ ለዚያች ቅጽበት እጅግ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሲገፉ ትንፋሽ ያውጡ፣ ሲመልሱ ያስገቡ፤ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ያለ ትግል ሊያነሡት የሚችሉትን ክብደት ይምረጡ፤ አጠገብዎ ያለው ወጣት የሚያነሣውን አይመልከቱ። እንደጨረሱም ወዲያው አይቀመጡ፤ አምስት ደቂቃ ያህል እየተራመዱ ሰውነትዎን ያብርዱ። ደረት ሲጫን፣ ራስ ሲዞር ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ እጥረት ሲኖር ወዲያው ማቆምና መታየት ያስፈልጋል። ግፊቱ ሲለካ 180 በ110 የደረሰ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር ምንም ከባድ ስፖርት መጀመር የለበትም።

ምን ያህል ልድከም ለሚለው መለኪያው ንግግር ነው። እየሠሩ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ፣ ነገር ግን መዝፈን ካልቻሉ መካከለኛ የሚባለው ደረጃ ላይ ነዎት። የልብ ምትን መቁጠር የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ግን የልብ ምትን ስለሚያዘገዩ ወደፊት መድኃኒት ቢጀምሩ ቁጥሩ ያሳስትዎታል፤ ንግግሩ አያሳስትም። ግፊት ያለበት ሰው አዘውትሮ በእርምጃ ወይም በሶምሶማ ቢሠራ የላይኛው ቁጥር ከ5 እስከ 8 ያህል ሊወርድ ይችላል፤ ጨው መቀነሱ የሚጨምረው ደግሞ በላዩ ላይ ነው። ሥራው ሲቆም ግን ጥቅሙም በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ ስለዚህ በአንድ ወር ከባድ ሥራ ይልቅ ለዓመታት የሚዘልቀው ቀላል ሥራ ይበልጣል።

ወደ ቤትዎ ልምጣ። አራተኛ ፎቅ ላይ መኖርዎ ራሱ ያልከፈሉበት ማሽን ነው። እጀታውን ሳይዙ፣ ሙሉ ጫማዎን ደረጃው ላይ አሳርፈው ይውጡ፤ ሲወርዱ ግን ጉልበት ላይ ጫና ስለሚበዛ ቀስ ይበሉ። ፑሽ አፕ ከከበደዎ ከግድግዳ ጀምረው ወደ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ወደ ወንበር፣ በመጨረሻ ወደ ወለል ይውረዱ። ስኳትን ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ በማለት ይጀምሩ፤ ያ ሲቀልዎ ክብደት ይያዙ። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ በውኃ ሲሞላ 2 ኪሎ ነው፤ በደረቅ አሸዋ ሲሞላ ደግሞ 3 ኪሎ ያህል ይሆናል። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን በውኃ 5 ኪሎ ይሆናል፤ እጀታም ስላለው ለመያዝ ይመቻል። ከዚያ በላይ ሲፈልጉ ውኃ የሚቀዱበት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አለ፤ ልክ ግማሽ ሲሞላ 10 ኪሎ ነው።

ብረት ገፊ

እዚህ ላይ ለአንድ ነገር ትንሽ ልጨምር። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው መግፋቱን ያገኛል፤ የሚጎድለው መሳብ ነው። ፑሽ አፕና ስኳት ደረትንና እግርን ሲያጠነክሩ ጀርባ ይረሳል። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ለሚጎብጥ የሂሳብ ሠራተኛ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ጀርባው ነው። ጀሪካኑን በአንድ እጅ ይዘው፣ በሌላው እጅ ወንበር ተደግፈው፣ ወገብ ሳያጎብጡ ወደ ጎን አጥንትዎ መሳብ አንዱ መፍትሔ ነው። የስፖርት ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ የሚገኘው ረጅም ላስቲክም ቦታ ሳይዝ ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ከመግዛትዎ በፊት ለጥጠው የተሰነጠቀ ቦታ እንደሌለው ይዩ።

በየሰፈሩ ልጆች ጣሳ በሲሚንቶ ሞልተው በብረት ቧንቧ ጫፍና ጫፍ የሚሠሩት ክብደትም አለ። እኛም ያደግነው በእሱ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን ሁለቱ ጣሳዎች እኩል መመዘናቸው በሚዛን መረጋገጥ አለበት፤ ሲሚንቶው ከቧንቧው ላይ የላላ ከሆነም ተኝተው ደረትዎ ላይ አይግፉበት። የሰፈሩን ጂም ያረጀ ዕቃ ያሉትንም በዚሁ ዓይን ይዩት። የተላጠ ዳምቤል ዳምቤልነቱን አያጣም፤ የሚያስፈራው የተበጣጠሰ ገመድና የሚነቃነቅ አግዳሚ ነው። ከውጭ የሚገቡ ማሽኖች ዋጋ፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እየናረ ስለመጣ ብዙ ባለጂሞች አዲስ ከመግዛት መጠገንን መርጠዋል፤ ጥገናው ጥሩ ከሆነ ለእርስዎ ኪስም ይበጃል።

የሐዋሳው መምህር

ስለ ወጪ ከተነሣ ምግቡም ይታሰብ። ጂም የገባ ወጣት ሁሉ በሁለተኛው ሳምንት ስለ ፕሮቲን ዱቄት ይጠይቃል። ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ከወርሃዊው ክፍያ ሊበልጥ ይችላል፤ ለደም ግፊት ብሎ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ በየቀኑ ከሚበላበት ቤት ፕሮቲን አልጠፋም፤ ፍስክ ሲሆን እንቁላል ይጨመርበታል። በሁዳዴ 55 ቀን ጂም የሚያቋርጡ ሰዎችን አውቃለሁ። በባዶ ሆድ እኩለ ቀን ላይ ከሚሠሩ፣ ከጾም መፍቻው ሰዓት በኋላ ወይም ጥቂት ቀደም ብለው ቀለል አድርገው ቢሠሩ ማቋረጥ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ በረመዳን ከአፍጥር በፊት ያለችውን ሰዓት ለእርምጃ የሚጠቀሙ ጓደኞቼም ይህንኑ ያደርጋሉ። ለጠያቂው የምለው፣ በሶ ሲጠጡም ሆነ ሽሮ ሲሠራ ጨዉን ይከታተሉ፤ ሐኪሙ ያለዎት እሱን ነውና።

የአያቱ ነዋሪ (ጠያቂ)

ትናንት ከሥራ በኋላ በተባለው ሰዓት ሁለቱን ጂሞች አየሁ። የሆቴሉን ትቼዋለሁ፤ የተነገረኝ ዋጋ ታክሱን ያላካተተ ሆኖ ተገኘ። ከቢሮዬ ጀርባ ያለው ሰው ይበዛበታል፤ ነገር ግን የሚጨናነቀው መሮጫ ማሽኖቹ አካባቢ ነው። እኔ ደግሞ መሮጡን ለእሑድ ስለተውኩት ማሽኑ አያስፈልገኝም፤ ብረቱ ጋ ቦታ አለ። አሰልጣኙ የምርመራ ወረቀቴን ይዤ እንድመጣ ጠይቆኛል፤ ይህን በጥሩ ጎኑ ይዤዋለሁ። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ እዚያ፣ እሑድ ከባለቤቴ ጋር በሰፈራችን እርምጃ፣ የቀረውን ደግሞ በደረጃውና በጀሪካኑ እሞክራለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለሚመጣ ሰው የወሩን ሙሉ መክፈል ግን አሁንም ቅር ይለኛል።

ብረት ገፊ

በመጡበት ቀን ብቻ የሚያስከፍሉ ወይም ለተወሰነ ቁጥር መግቢያ ካርድ የሚሸጡ ቤቶች አሉ፤ ሰሌዳው ላይ ባይጻፍም ሥራ አስኪያጁን ይጠይቁ። በወር ስምንት ቀን ነው የሚመጡት፤ የአንዱ ቀን መግቢያ በስምንት ተባዝቶ ከወሩ ክፍያ ካነሰ በዚያው ይቀጥሉ፣ ከበለጠ ደግሞ ወርሃዊውን ይክፈሉ። ካርድ ከሆነ የሚያበቃበትን ቀን ሳያዩ አይግዙ፤ አሥር ቀን መግቢያ ተብሎ በሠላሳ ቀን የሚቃጠል ከሆነ ለእርስዎ ሁለቱ ቀን ይባክናል።